ቴርሞሜትርና ሰገባው
የጥልቅ ባሕር ሙቀት እንዴት እንደ ተለካ የሚያስረዳ አጭር የታሪክ ጥናት

መግቢያ

የአንድን ነገር ሙቀት ለማወቅ ቴርሞሜትር ማስገባትና ቍጥሩን ማንበብ ይበቃል ብለን እናስባለን። መለኪያው የሚገባበት ስፍራ ከባድ ግፊት ያለበት ሲሆን ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ግፊቱ ወይ መለኪያውን ይሰብረዋል፤ ወይም ከዚህ በከፋ ሁኔታ ሳይሰብረው ሐሰት ያናግረዋል። የተሰበረ መሣሪያ መበላሸቱን ራሱ ይመሰክራል። ሳይሰበር ሐሰት የሚናገር መሣሪያ ግን ደኅና ስለሚመስል ቍጥሩ በመዝገብ ይገባል፤ ከመዝገብም ወደ መጽሐፍ፥ ከመጽሐፍም ወደ ትምህርት ቤት ይተላለፋል።

ስለዚህ መለኪያውን ከውጭ ግፊት የሚጠብቅ ልብስ ማበጀት አስፈለገ። ሰይፍ በሰገባው እንደሚቀመጥ ቴርሞሜትሩም በዚህ ልብስ ውስጥ ስለሚቀመጥ፥ በዚህ ጽሑፍ ልብሱን «ሰገባ» ብለን እንጠራዋለን። ሰገባው እርስ በርሳቸው የማይስማሙ ሁለት ግዳጆች አሉበት። ግፊቱን እንዲችል ወፍራም መሆን ይገባዋል፤ ሙቀቱን ፈጥኖ እንዲያሳልፍ ደግሞ ቀጭን መሆን ይገባዋል። የመሣሪያው ታሪክ በእነዚህ በሁለቱ መካከል የተደረገ የዕርቅ ታሪክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህ ዕርቅ ከሁሉ ይልቅ ጐልቶ የታየው በጥልቅ ባሕር ልክ ላይ ስለ ሆነ ጥናታችንን በዚያ ላይ አድርገናል። ለማስረዳት የምንሞክረውም አንድ አሳብ ነው። ስለ ጥልቁ ባሕር ሙቀት የነበረው ዕውቀት የተለወጠው አዲስ ንድፈ አሳብ ስለ ተገኘ ብቻ አይደለም፤ ሰገባው ስለ ተሻሻለም ነው። የአንድ ቍጥር ታማኝነት ቍጥሩን ካመጣው ሰገባ ታማኝነት ሊበልጥ አይችልም። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲያስታውሱ እንለምናለን።

1. ከሰገባው በፊት፤ ባልዲው

የጥልቅ ባሕርን ሙቀት ለመለካት በመጀመሪያ የታሰበው መንገድ ቴርሞሜትሩን ወደ ውሃው ማውረድ ሳይሆን ውሃውን ወደ ቴርሞሜትሩ ማውጣት ነበረ። በ1751 ሄንሪ ኤሊስ የተባለው እንግሊዛዊ የመርከብ አዛዥ፥ ሊቁ እስቲቨን ሄልስ ያዘጋጀለትን ባለመዝጊያ ባልዲ ከምዕራብ አፍሪቃ ፊት ለፊት ባለው አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ አወረደ። ባልዲው ሲወርድ ከላይና ከታች ያሉት መዝጊያዎች ተከፍተው ውሃው በመካከሉ ያልፋል፤ ሲሳብ ግን መዝጊያዎቹ ይገጥሙና የጥልቁን ውሃ ይዞ ይወጣል። ኤሊስ የሚመራት መርከብ የባሪያ ንግድ መርከብ እንደ ነበረች ታሪክ ይመሰክራል። የሳይንስ ምርመራና ይህ አስከፊ ንግድ በአንድ መርከብ ላይ አብረው የተጓዙበት ጊዜ እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባም።

የላዩ ሙቀት 84 ዲግሪ ፋረንሃይት (29 ሴንቲግሬድ ገደማ) ሲሆን፥ ከ5,346 ጫማ ወይም ከ1,630 ሜትር ጥልቀት የወጣው ውሃ 53 ዲግሪ ፋረንሃይት (12 ሴንቲግሬድ ገደማ) ሆኖ ተገኘ። በሞቃት ባሕር ሥር ቀዝቃዛ ውሃ መኖሩ ታወቀ። ይሁን እንጂ ባልዲው በረጅሙ መንገድ ሲሳብ በሞቃቱ ውሃ መካከል ስለሚያልፍ የያዘው ውሃ ይሞቃል። በዚያ ጥልቀት ያለው ውሃ በእውነት ከ12 ዲግሪ እጅግ ይቀዘቅዛል። ባልዲው የጥልቁን ውሃ ቢያመጣም የጥልቁን ሙቀት ጠብቆ አላመጣም።

ከዚህ ችግር ያወጣል የተባለው መሣሪያ የካንተርበሪው ጄምስ ሲክስ በ1782 ለሕዝብ ያስታወቀው ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀትን የሚያመለክት ቴርሞሜትር ነው። በሁለት እግር እንደ ታጠፈ ቱቦ ሆኖ በአንደኛው ጫፍ አልኮል የሞላበት ቋት አለው፤ በመካከሉም ሜርኩሪ (ባዜቃ) አለ። ሜርኩሪው ወዲያና ወዲህ ሲሄድ ትንንሽ የብረት ምልክቶችን እየገፋ በደረሰበት ስፍራ ይተዋቸዋል። ስለዚህ መሣሪያው ከባሕር ከወጣ በኋላም ያገኘውን ዝቅተኛ ሙቀት ማንበብ ይቻላል። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የባሕር ተመራማሪዎች ይህን መሣሪያ በደስታ ተቀበሉት።

2. ሐሰተኛው አራት ዲግሪ

የሲክስ መሣሪያ የተሠራው ለየብስ ነበረ። በየብስ ላይ የአየር ግፊት ከአንድ አትሞስፌር ብዙ አይርቅም። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍተኛ ስፍራ ግፊቱ አንሶ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ሲፈላ እናያለን እንጂ ግፊት ብርጭቆን ሲጨምቅ አናይም። በባሕር ውስጥ ግን በየ10 ሜትሩ አንድ አትሞስፌር ያህል ይጨመራል። በ2,000 ሜትር ጥልቀት የቴርሞሜትሩ ቋት 200 አትሞስፌር ያህል ይሸከማል።

ይህ ግፊት ቋቱን ባይሰብረው እንኳ ይጨምቀዋል። ቋቱ ሲጠብ በውስጡ ያለው አልኮል ስፍራ አጥቶ ወደ ቱቦው ይወጣል። በሙቀት ምክንያት የወጣ ይመስላል እንጂ የወጣው በግፊት ምክንያት ነው። እንግዲህ መሣሪያው ከእውነተኛው የበለጠ ሙቀት ያሳያል፤ ጥልቀቱም በጨመረ ቍጥር ስሕተቱ አብሮ ይጨምራል። እዚህ ላይ አንድ ክፉ አጋጣሚ አለ። ወደ ታች ሲወረድ ውሃው በእውነት እየቀዘቀዘ ይሄዳል፤ የግፊቱ ስሕተት ደግሞ ንባቡን እያሳደገ ይሄዳል። ሁለቱ ሲጣፉ ከአንድ ጥልቀት በታች ያለው ባሕር ሁሉ ሙቀቱ የማይለዋወጥ ይመስላል።

የሆነውም ይኸው ነው። ፈረንሳዊው ዱሞን ዱርቪል ከ1826 እስከ 1829 ባደረገው ጉዞ፥ እንግሊዛዊው ጄምስ ክላርክ ሮስም ከ1839 እስከ 1843 በደቡብ ዋልታ ባሕር ባደረገው ጉዞ፥ ጥልቁ ባሕር በየትም ስፍራ ወደ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የቀረበ አንድ ዓይነት ሙቀት አለው ወደሚል አሳብ ደረሱ። ሮስ ያመነበት ቍጥር 39.5 ዲግሪ ፋረንሃይት ማለት 4.2 ሴንቲግሬድ ገደማ ነበረ። ታላቁ ሊቅ ጆን ኸርሸልም ይህን አሳብ ደገፈው።

ቍጥሩ ተቀባይነት ያገኘበት ምክንያት ሊመረመር የሚገባው ነው። ንጹሕ ውሃ እጅግ የሚከብደው በ4 ዲግሪ ላይ ነው። ከዚያ ከቀዘቀዘ እንደ ገና ይቀላል። ስለዚህ ከባዱ ውሃ ወደ ታች ወርዶ የውቅያኖስን ወለል ሞልቶታል ቢባል ለጆሮ የሚስማማ ነገር ነበረ። ዳሩ ግን የባሕር ውሃ ጨው ስላለበት እስከሚረጋበት ድረስ በቀዘቀዘ መጠን እየከበደ ይሄዳል እንጂ በ4 ዲግሪ ላይ አይቆምም። ይህንንም አሌክሳንደር ማርሴ ገና በ1819 በምርመራ አሳይቶ ነበረ። ሐሰተኛው ቍጥር በስፍራው የማይገባ ንድፈ አሳብ አገኘ፤ ንድፈ አሳቡም በቍጥሩ ተረጋገጠ ተባለ። ሁለቱ እርስ በርሳቸው እየተመሰካከሩ ከሠላሳ ዓመት የማያንስ ጊዜ ኖሩ።

አደጋው ጨርሶ ሳይታወቅ ቀርቶ ነበረ ለማለት አይቻልም። ከ1836 እስከ 1839 በተጓዘችው በፈረንሳዊቱ መርከብ በቬኑስ ላይ ቴርሞሜትሮቹ በተዘጋ የነሐስ ቱቦ ውስጥ ይወርዱ ነበረ። አሳቡ ትክክል ነው፤ ሥራው ግን አልተሟላም። ቱቦው ውሃ ሞልቶት የሚመለስበት ጊዜ ስለ ነበረ የትኛው ንባብ እንደሚታመን መለየት አስቸጋሪ ሆነ።

3. ድርቡ ብርጭቆ

ችግሩን የፈታው ከብርጭቆ የተሠራ ሰገባ ነው። በ1857 በአድሚራል ፊትዝሮይ አሳሳቢነት የለንደኖቹ መሣሪያ ሠሪዎች ኔግሬቲና ዛምብራ፥ ቋቱ በሌላ ብርጭቆ የተሸፈነ ቴርሞሜትር ሠሩ። በሁለቱ ብርጭቆዎች መካከል ያለውን ስፍራ በሙሉ ሳይሆን በከፊል በሜርኩሪ ሞሉት። ይህም መሣሪያ በካፒቴን ፑለን አዛዥነት ሳይክሎፕስ በተባለች መርከብ ወደ ቀይ ባሕርና ወደ ህንድ ውቅያኖስ ሄደ። ነገር ግን በጊዜው ብዙ የሚያስታውሰው ሰው አልተገኘም።

በ1868 ካርፔንተርና ዋይቪል ቶምሰን የተባሉት ሊቃውንት ላይትኒንግ በተባለች መርከብ በስኮትላንድና በፋሮ ደሴቶች መካከል ሲመረምሩ፥ በተቀራረቡ ስፍራዎችና በአንድ ዓይነት ጥልቀት አንዱ ውሃ ወደ 0 ዲግሪ የቀረበ፥ ሌላው ከ8 ዲግሪ ያላነሰ ሆኖ አገኙት። ጥልቁ ባሕር ሁሉ አንድ ሙቀት አለው የሚለው ትምህርት በዚህ ተናጋ። ይሁን እንጂ ይህን ያህል ታላቅ አሳብ ለመገልበጥ የማይጠረጠር መሣሪያ ያስፈልግ ነበረ።

በሚቀጥለው ዓመት በ1869 በለንደን የኪንግስ ኮሌጅ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበረው ዊልያም አለን ሚለር የሲክስን ቴርሞሜትር ቋት በሁለተኛ የብርጭቆ ልብስ እንዲሸፈን አሳሰበ። ልዊ ካሴላ የተባለው ባለሙያም ሠራው። በሁለቱ ብርጭቆዎች መካከል ካለው ስፍራ ሦስት አራተኛው ያህል በአልኮል ተሞላ። አልኮሉ ሞቆ ተኑ አየሩን እንዲያስወጣ ከተደረገ በኋላ የውጭው ብርጭቆ በእሳት ተዘጋ።

የዚህ ሥራ ብልኀት ባዶ በቀረው በአንድ አራተኛው ስፍራ ላይ ነው። ድርቡ ስፍራ ሙሉ በሙሉ በፈሳሽ ቢሞላ ኖሮ የውጭው ብርጭቆ ሲጨመቅ ፈሳሹ ግፊቱን እንዳለ ወደ ውስጠኛው ቋት ባስተላለፈው ነበር። ሙሉ በሙሉ ባዶ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ሙቀቱ ወደ ቋቱ ለመድረስ ብዙ ጊዜ በፈጀ ነበር። አልኮሉ ሙቀቱን ያሻግራል፤ ተን ብቻ የያዘው ባዶ ስፍራ ደግሞ የውጭው ብርጭቆ ሲጠብ መፈናፈኛ ይሰጣል። ውስጠኛው ቋት የሚያውቀው ሙቀቱን ብቻ ነው፤ ግፊቱ ከደጅ ይቀራል። በመግቢያችን የጠቀስናቸው ሁለቱ የማይስማሙ ግዳጆች እዚህ ላይ ታረቁ።

መሣሪያው በውሃ ኃይል በሚሠራ መጫኛ ውስጥ ገብቶ ከፍ ባለ ግፊት ሲፈተን፥ ሰገባ የሌላቸው ቴርሞሜትሮች ብዙ ዲግሪ ከፍ ሲሉ ሰገባ ያለው ግን እምብዛም አልተነቃነቀም። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ፖርኪዩፓይን የተባለችው መርከብ ይህን መሣሪያ ይዛ ከፈረንሳይ በስተ ምዕራብ 4,450 ሜትር ያህል ጥልቀት ወዳለው ስፍራ አወረደችው። ንባቡ 2.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆነ። አራቱ ዲግሪ ሐሰት መሆኑ ከዚያ በኋላ የሚያከራክር አልሆነም።

ኔግሬቲና ዛምብራ ግን ይህ ሰገባ የእኛ ነው፥ ልዩነቱ በሜርኩሪ ፈንታ አልኮል መግባቱ ብቻ ነው ሲሉ ተከራከሩ። ከላይ እንዳየነው ክርክራቸው መሠረት ነበረው። ክብሩ ግን ባብዛኛው ለሁለተኞቹ ሆነ፤ መሣሪያውም እስከ ዛሬ የሚጠራው በሚለርና በካሴላ ስም ነው።

4. የቻሌንጀር ጉዞና የተጨፈለቀው መዳብ

ከታኅሣሥ 1872 እስከ ግንቦት 1876 ቻሌንጀር የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ ከ68,000 በላይ የባሕር ማይል በመጓዝ የዓለምን ውቅያኖሶች መረመረች። በ362 ጣቢያዎች ላይ ስትቆም የሙቀት ልክ የምትወስደው ባብዛኛው በሚለርና በካሴላ ቴርሞሜትር ነበረ። መጋቢት 23 ቀን 1875 በምዕራብ ፓሲፊክ 8,184 ሜትር ጥልቀት አገኘች። በዚያ ጥልቀት በአንድ ሳንቲሜትር ካሬ ላይ ከ800 ኪሎ በላይ ይጫናል። ከወረዱት ቴርሞሜትሮች ከፊሎቹ ተሰባብረው ወጡ። ሰገባ መኖሩ ብቻ እንደማይበቃና እያንዳንዱ ሰገባ የመቻል ወሰን እንዳለው በዚህ ታወቀ።

የመርከቧ ኬሚስት ጆን ያንግ ቡካናን የብርጭቆ አሰባበር እንዴት እንደ ሆነ ለማወቅ አንድ ምርመራ አደረገ። ሁለት ጫፋቸው የተዘጋ የብርጭቆ ቱቦዎችን በጨርቅ ጠቅልሎ፥ ለቴርሞሜትር መያዣነት በተሠራና ውሃ የሚያስገቡ ቀዳዳዎች ባሉት የመዳብ ቱቦ ውስጥ አኖረ፤ ወደ 3,650 ሜትር ያህልም አወረደው። ሲወጣ ብርጭቆው እንደ በረዶ ደቅቆ ነጭ ዱቄት ሆኖ ተገኘ። ከዚህ ይበልጥ ያስገረመው ግን መዳቡ ብርጭቆው ባለበት ስፍራ ወደ ውስጥ ተጨፍልቆ መገኘቱ ነው።

መዳቡ ቀዳዳ ስላለው ከውስጥም ከውጭም አንድ ዓይነት ግፊት ነበረበት፤ ስለምን ተጨፈለቀ? መልሱ በፍጥነት ላይ ነው። ብርጭቆው በድንገት ሲደቅቅ በስፍራው ባዶ ቦታ ይቀራል። በዙሪያው ያለው ውሃ ይህን ባዶ ቦታ ለመሙላት በቀዳዳዎቹ በኩል ፈጥኖ መግባት ስላልቻለ መዳቡን ራሱን ገፍቶ አስገባው። ከዚህ የምናገኘው ትምህርት አለ። በሰገባ ውስጥ የታሸገ ባዶ ስፍራ ሁሉ እንደ ተደገነ ጠመንጃ ነው፤ አንዱ ሲሰበር ጎረቤቱንም ይጐዳል።

በዚሁ ዘመን በየብስ ላይ ያሉ መሐንዲሶችም ከዚህ ችግር ጋር ይታገሉ ነበረ። በእንፋሎት ቦይለር ውስጥ የሚያልፉ የእሳት ቱቦዎች ከውጭ በኩል በእንፋሎቱና በውሃው ስለሚጨመቁ አንዳንድ ጊዜ ወደ ውስጥ ይደረመሱ ነበረ። ዊልያም ፌርቤርን በ1858 ባወጣው የምርመራ ውጤት ቱቦ ከውጭ ሲጨመቅ የሚደረመስበት ግፊት ውፍረቱ ሲጨምር በብዙ እጥፍ እንደሚያድግ፥ ርዝመቱና የወገቡ ስፋት ሲጨምሩ ደግሞ እንደሚቀንስ አሳየ። ከዚያ በፊት ርዝመት ለውጥ ያመጣል ብሎ የሚያስብ መሐንዲስ ጥቂት ነበረ። ከውስጥ የሚገፋ ግፊት ቱቦውን ወደ ክብነቱ ይመልሰዋል፤ ከውጭ የሚጨምቅ ግፊት ግን ትንሿን ጠማማነት እያባሰ ይጨፈልቀዋል። ስለዚህ ለሰገባ የሚሻለው አጭር፥ ጠባብና በትክክል ክብ የሆነ ቅርፅ ነው። የቴርሞሜትር ሰገባ እንደ ጣት የቀጠነ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

5. የፕሮፌሰር ቴት ምርመራ

ቻሌንጀር ከተመለሰች በኋላ አንድ ከባድ ጥያቄ ቀረ። ሰገባው ግፊቱን እጅግ ቢቀንሰውም ሙሉ በሙሉ አያስቀረውም፤ ምክንያቱም ከቋቱ በላይ ያለው ቀጭን ቱቦ ያለ ሰገባ ነው። ታዲያ ከእያንዳንዱ ንባብ ላይ ምን ያህል ይቀነስ? ካፒቴን ዴቪስ ቀደም ብሎ መሣሪያዎቹን በመጫኛ ውስጥ ፈትኖ ማረሚያ አውጥቶ ነበረ። በኤዲንበርግ የፊዚክስ ፕሮፌሰር የነበረው ፒተር ገትሪ ቴት ግን ጉዳዩን እንደ ገና ሲመረምር ያ ማረሚያ እጅግ የበዛ መሆኑን አገኘ።

የቴት ክርክር እንዲህ ነው። ውሃ በመጫኛ ውስጥ በድንገት ሲጨመቅ ጥቂት ይሞቃል። መሣሪያው የተለጠፈበት ከጠንካራ ጎማ የተሠራው ሰሌዳም ሲጨመቅ ይሞቃል። ቴርሞሜትሩ ከፍ ሲል እኛ በግፊት ምክንያት የመጣ ስሕተት ነው እንላለን፤ ከፊሉ ግን እውነተኛ ሙቀት ነው። በባሕር ውስጥ ግን መሣሪያው ቀስ ብሎ ስለሚወርድና ዙሪያው ሰፊ ውሃ ስለ ሆነ ይህ ሙቀት ወዲያው ይበተናል። ስለዚህ በመጫኛ ውስጥ የታየው ሁሉ በባሕር ውስጥ አለ ማለት አይገባም። ቴት እንዳሳየው እውነተኛው ማረሚያ በአንድ ኪሎሜትር ጥልቀት ከዲግሪ መቶኛዎች ጥቂቱ ብቻ ነው።

ይህ የጥቂት መቶኛዎች ክርክር ለጊዜው የመሣሪያ ሠሪዎች ቅንጦት ይመስል ነበረ። ዛሬ ግን እንደዚያ አይደለም። በ2012 ሮሚች፥ ጉልድና ጊልሰን የተባሉ ተመራማሪዎች የቻሌንጀርን ንባቦች በዘመናችን በውቅያኖስ ውስጥ ከሚንሳፈፉት የአርጎ መሣሪያዎች ንባብ ጋር አስተያዩ። ከላይ እስከ 700 ሜትር ያለው ውሃ በ135 ዓመት ውስጥ በአማካይ 0.33 ዲግሪ ያህል መሞቁን አገኙ፤ በ900 ሜትር አካባቢ ልዩነቱ 0.12 ዲግሪ ያህል ብቻ ነበረ። በ2019 ደግሞ ጌቢና ሃይበርስ የተባሉ ሊቃውንት በጥልቁ ፓሲፊክ በዲግሪ መቶኛ የሚቈጠር መቀዝቀዝ መኖሩን ሲያስረዱ ከማስረጃዎቻቸው አንዱ ይኸው የቻሌንጀር መዝገብ ነበረ። የሚፈለገው ልዩነት እንዲህ ያነሰ ሲሆን የቴት ጥቂት መቶኛዎች ፍርዱን ሊያጋድሉ ይችላሉ። የዓለም የአየር ጠባይ መለወጥን ያህል ታላቅ ጉዳይ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ባስቈጠረ የብርጭቆ ሰገባ ላይ ከፊሉን ተደግፎ ይገኛል።

6. ግፊት አገልጋይ ሲሆን

የሲክስ መሣሪያ አንድ ሌላ ጉድለት ነበረበት። የሚመዘግበው በመንገዱ ሁሉ ያገኘውን ዝቅተኛ ሙቀት ነው እንጂ የታዘዘበትን ጥልቀት ሙቀት አይደለም። ቀዝቃዛ ውሃ ከላይ፥ ሞቅ ያለ ውሃ ከታች በሆነበት ስፍራ ሁሉ የታችኛውን ማሳየት አይችልም። ቻሌንጀር በ1874 በደቡብ ዋልታ በረዶ አጠገብ ያጋጠማት ይኸው ነው።

በ1874 ኔግሬቲና ዛምብራ ተገልባጩን ቴርሞሜትር አወጡ። ከቋቱ በላይ ቱቦው በአንድ ስፍራ እንዲጠብ ተደረገ። መሣሪያው በተፈለገው ጥልቀት ላይ ሲገለበጥ የሜርኩሪው ዘንግ በዚያ ጠባብ ስፍራ ተቈርጦ ወደ ሌላው ጫፍ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ በየትኛውም ውሃ ቢያልፍ ንባቡ አይለወጥም። መሣሪያው በሙሉ በወፍራም የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ታሸገ፤ በቋቱ ዙሪያ ሙቀት የሚያሻግር ሜርኩሪ ተደረገ፥ የቀረው ስፍራ ግን ባዶ ሆነ። የሚለር አሳብ እዚህም አለ፤ ነገር ግን አሁን ቋቱ ብቻ ሳይሆን ቱቦውም ሰገባ አገኘ። በሃያኛው መቶ ዓመት የጀርመን ባለሙያዎች ይህን መሣሪያ እስከ ዲግሪ መቶኛ ድረስ የሚታመን አደረጉት።

ከዚህ በኋላ የመጣው አሳብ በታሪኩ ሁሉ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ሰገባ የሌለው ቴርሞሜትር በግፊት ምክንያት ከእውነተኛው ከፍ ያለ ንባብ ይሰጣል። ስሕተቱ ሁልጊዜ በአንድ ሕግ የሚሄድ ከሆነ ግን ስሕተት መሆኑ ቀርቶ ልክ ይሆናል። ስለዚህ ሰገባ ያለውንና ሆን ተብሎ ሰገባው የተከፈተውን ሁለት ቴርሞሜትሮች ጐን ለጐን አድርጎ ማውረድ ተጀመረ። የመጀመሪያው ሙቀቱን ይናገራል፤ ሁለተኛው በየ100 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ከፍ ስለሚል የሁለቱ ልዩነት ጥልቀቱን ይናገራል። ገመድ በማዕበልና በውሃ ፍሰት ሲዘነበል በርዝመቱ ጥልቀትን ማወቅ አስቸጋሪ ስለ ነበረ ይህ ታላቅ ርዳታ ሆነ። ከ1925 እስከ 1927 አትላንቲክን የመረመረችው የጀርመን መርከብ ሜቴዎር በዚህ ዘዴ በሰፊው ሠራችበት። ሮስን ያሳሳተው ግፊት ከብዙ ዓመታት በኋላ ለተመራማሪዎች አገልጋይ ሆነ።

7. ቀይ ባሕር

ለአገራችን ጎረቤት በሆነው ባሕር የታየውን ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባም። ቀይ ባሕር ከሌሎቹ የተለየ ነው። ከ300 ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ ወለሉ ድረስ ሙቀቱ 21.5 ዲግሪ ያህል ሆኖ ይቆያል፤ በዚያው ጥልቀት በህንድ ውቅያኖስ ያለው ውሃ ግን እጅግ ይቀዘቅዛል። ምክንያቱ በስተ ደቡብ በኩል በባብ ኤል መንደብ አጠገብ ያለው የባሕር ወለል ከፍ ብሎ እንደ ደፍ ስለሚያግድና የውቅያኖሱን ቀዝቃዛ ውሃ ስለማያስገባ ነው። ሐሰተኛው አራት ዲግሪ ለባሕር ሁሉ የሚሠራ ቢሆን ኖሮ እዚህም በተገኘ ነበር።

በ1948 የስዊድን መርከብ አልባትሮስ በቀይ ባሕር መካከል ባለ አንድ ጥልቅ ስፍራ ከተለመደው ከፍ ያለ ሙቀትና ጨው አገኘች። በሰገባው የማይታመን መሣሪያ ቢሆን ኖሮ የግፊት ስሕተት ነው ተብሎ በታለፈ ነበር። ነገር ግን በ1964 የእንግሊዟ ዲስከቨሪ ከ2,000 ሜትር በታች 44 ዲግሪ ያህል የሞቀ ጨዋማ ውሃ አገኘች። በ1965 ደግሞ የአሜሪካኗ አትላንቲስ ሁለት በአቅራቢያው ባለ ጥልቅ ስፍራ 56 ዲግሪ ያህል አገኘች። አፍሪቃና ዓረብ እየተለያዩ በሚሄዱበት ስንጥቅ በኩል የምድር ውስጥ ሙቀት እንደሚወጣ ከሚመሰክሩት ማስረጃዎች አንዱ ይህ ሆነ።

8. በፋብሪካ ዕቃ ውስጥ

ይህ ሁሉ የባሕር ነገር ብቻ እንዳይመስለን ያስፈልጋል። በቦይለር፥ በነዳጅ ማጣሪያና በኬሚካል ፋብሪካ በከባድ ግፊት በታሸጉ ዕቃዎች ውስጥ የሚገባው የሙቀት መለኪያ በዚያው ሁኔታ ነው ያለው፤ ዕቃው የሚሸከመው ግፊት ለመለኪያው የውጭ ግፊት ነው። መለኪያው ከብረት በተሠራ፥ አንድ ጫፉ በተዘጋ ሰገባ ውስጥ ይገባል። ወፍራም ከሆነ ዘግይቶ ይናገራል፥ ቀጭን ከሆነ ይደረመሳል የሚለው የጥንቱ ጭቅጭቅ እዚህም አለ።

በፋብሪካ ግን ሦስተኛ ጠላት ይጨመራል፤ ይኸውም የፈሳሹ ፍሰት ነው። ፈሳሽ በሰገባው ጐንና ጐን ሲያልፍ በስተ ኋላው እየተሽከረከረ ሰገባውን ያንቀጠቅጠዋል። ታኅሣሥ 8 ቀን 1995 በጃፓን ሞንጁ በተባለው የአቶም ኃይል ጣቢያ አንድ የቴርሞሜትር ሰገባ በዚህ መንቀጥቀጥ ተሰብሮ የጋለ ሶዲየም ፈሰሰ፥ እሳትም ተነሣ። ሰገባው ግፊቱን ችሎ ነበረ፤ ያልቻለው መንቀጥቀጡን ነው። ስለዚህ ሰገባን የሚነድፍ ሰው ስለ አንዱ ጠላት ብቻ አስቦ ሥራዬን ፈጸምሁ ሊል አይችልም።

መደምደሚያ

ከላይ የተመለከትነውን በአጭሩ እንሰብስበው። ባልዲው ውሃውን አመጣ እንጂ ሙቀቱን አላመጣም። የሲክስ መሣሪያ ያለ ሰገባ ወርዶ አራት ዲግሪ የሚል ቃል ይዞ ተመለሰ፤ ሊቃውንትም ተቀበሉት። ድርቡ ብርጭቆ ያን ቃል ሻረው። የቴት ምርመራ ሰገባው ራሱ ምን ያህል እንደሚታመን ለካ። በመጨረሻም ሰገባውን ሆን ብሎ በመተው ግፊቱ ራሱ እንዲናገር ተደረገ።

ከዚህ ታሪክ ለተማሪዎች የሚተርፍ ነገር ያለ ይመስለናል። ሮስ ቸልተኛ ሰው አልነበረም፤ ኸርሸልም አላዋቂ አልነበረም። ያሳሳታቸው መሣሪያው የሰጠው ቍጥር ከሚያምኑበት አሳብ ጋር መስማማቱ ነው። የማይስማማ ቍጥር ሲመጣ መሣሪያውን እንመረምራለን፤ የሚስማማ ቍጥር ሲመጣ ግን በደስታ ተቀብለን መሣሪያውን እንረሳለን። በቤተ ሙከራችን ውስጥ ያሉ መለኪያዎችን ስናነብ፥ ቍጥሩ ስንት ነው ከማለታችን በፊት በምን ውስጥ አልፎ ወደ እኛ ደረሰ ብለን ብንጠይቅ፥ በተለይም ቍጥሩ ደስ ባሰኘን ጊዜ እንዲህ ብናደርግ፥ ከእነዚያ ከሠላሳ ዓመታት ስሕተት ጥቂት ተምረናል ማለት ይቻላል።